የአስታማሚ ፊርማ

የመንግሥት ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ለከፋይ ታካሚዎች የተለየ ነው። ልጄ ከሩቅ ከፍሎ አንዱን ክፍል አስያዘልኝ፤ ሰው እንዳይረብሽህ ብዬ ነው አለኝ በስልክ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት እየቆረጥኩ ከሰው ጋር ስጋፋ የኖርኩ ሰውዬ፣ የሚረብሸኝ አጥቼ ልሞት ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚሉት ተረት ሦስተኛ ፎቅ አልደረሰም። ክፍሌ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ ላይ ልብሴን አስቀምጫለሁ፤ ሌላው ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠበትም።

ሐሙስ ከሰዓት ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። በማግስቱ የሐሞት ጠጠሬ በኦፕራሲዮን ሊወጣ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ አስታማሚም መፈረም አለበት። የለኝም አልኳት። ዘመድ ነኝ የሚል ማንም ይፈርም፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተፈረመ ግን ተራዎ ለሌላ ይሰጣል አለችኝ። ልጄ ጋ ደወልኩ፣ አላነሳም። ብር ይልካል እንጂ አይመጣም። አልፈርድበትም። ውሸቴን ነው፣ እፈርድበታለሁ።

ነጻ ታካሚዎች ወደሚተኙበት ምድር ቤት ወረድኩ። አሥራ ሁለት አልጋ፣ ወሬው የደራ። የከፋይ ፒጃማዬን ሲያዩ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። በሩ አጠገብ የተኛው ልብስ ሰፊ ብቻ «ይግቡ ጋሼ» ብሎ እግሩን ሰብስቦ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። ችግሬን ስነግረው ይሄ ምን ችግር አለው ብሎ ወረቀቱንና እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ። መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ነገ ጠዋት፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ» አልኩት።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ነገ ጠዋት የእሱ ተራ እንደነበር ነገረኝ። ከፋይ ገብቷል ተብሎ ዛሬ ስሙ ተሰርዟል፤ ሲሰረዝ ይህ ሦስተኛው ነው።

«ተወው፣ አትፈርም» አልኩት። «ካልፈረምክ ተራው ወዳንተ ይመለሳል።»

ወረቀቱን ልቀበለው እጄን ብዘረጋም አልሰጠኝም። እናንተ በምትከፍሉት ለእኛ ጓንት ይገዛል ይላሉ፣ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ አለኝ። ከዚያ የሰፊ ነገር፣ ሳቅ አለና፦

«ደግሞስ ለብቻዎ ተቀደው ለብቻዎ ሊሰፉ ነው?»

ፈረመ። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ትንሽ አሰበና «ታናሽ ወንድም» ብሎ ጻፈ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም። እሱ ግን ገና ወረቀቱን አልጨረሰም ነበር፤ ቀና ብሎ ስሜን ጠየቀኝ።