አንደኛ ማን ወጣ?

"ኧረ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጉልን!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ አውቶቡሱ የትራፊክ መብራት ላይ እንደቆመ። ሹፌሩ እጁን ወደ ሬዲዮኑ ሰደደና መለሰው። ከፍ ቢል የሚሰማው የገዛ ልጁ ሩጫ ነው፤ የአሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ ያውም ኦሊምፒክ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምስጢሩን የምታውቀው ትኬት ቆራጯ ብቻ ነበረች። አየችው፣ ተነሳችና ራሷ ከፍ አደረገችው።

ተሳፋሪዎቹ ሹፌሩን የሚያውቁት "ጋሽ እንቁላል" በሚል ስም ነው። አነዳዱን አይተው ነው ያወጡለት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እሱ ግን እግር አውጥቶም ቀስ ይላል። ታዲያ የዚህ ሰው ልጅ አገር የሚያውቃት ሯጭ ናት ብሎ ማን ይጠርጥር? እሱም ትንፍሽ አላለም። "የኦሊምፒክ ወርቅ አንገቷ ላይ ሲውል ያኔ እናገራለሁ" ብሎ ለራሱ ቃል ገብቷል። ወርቅ ሳይያዝ የሯጭ አባት ነኝ ማለት ለእሱ ሳይጠሩት ሰርግ ቤት እንደመግባት ነው።

ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ብር ያመጣ ልጅ "ምነው፣ ታመህ ነበር እንዴ?" ይባላል። ነሐስ የመጣ ቀንማ ለቅሶ ቤት ነው። ልጅቷ ትንሽ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ውድድር ሁለተኛ ወጥታ እየበረረች ቤት ስትገባ፣ እሱ ጫማውን እያወለቀ "አንደኛ ማን ወጣ?" አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ማንም አባት የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው። ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቷ ስታሸንፍ ለእሱ፣ ስትሸነፍ ለእናቷ የምትነግር ሆነች። ይህ ነገር አንጀቱን ይበላዋል፤ ከየት ጀምሮ እንደሚያስተካክለው ግን አያውቅም።

ሬዲዮኑ እንደሚለው፣ ልጅቷ ከፊት ወጥታ መምራት ጀመረች። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንዴ ቤተሰብ ሆነ። ሽንኩርት በዘንቢል የያዘች ሴትዮ "ልጄን! ልጄን!" እያለች የማታውቀውን ሰው ትከሻ ትደበድባለች። ከረባት ያሰረ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ቆሞ ሬዲዮኑን ያሠለጥናል፤ አሁን አትፍጠኚ ይላል፣ ትንፋሽሽን ቆጥቢ ይላል፣ እሱ ራሱ ግን ትንፋሽ አጥሮታል። ጋሽ እንቁላል መሪውን ጨብጦ ከንፈሩን ይነክሳል። አረንጓዴ መብራት በርቶ ሳያየው ቀርቶ ከኋላው ያሉት መኪኖች ክላክስ አወረዱበት።

የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። አንዷ አለፈቻት። ሌላዋም ተከተለች። ከዚያ ሦስተኛዋ። ጋዜጠኛው ድምፁ እየሟሸሸ ሄዶ "አራተኛ" ሲል አውቶቡሱ ጭጭ አለ።

ቅድም "ልጃችን" የነበረችው በአንድ አፍታ "ይቺ ልጅ" ሆነች። አንዱ ከጅምሩ መምራቷ ጥጋብ ነው አለ። ሌላው የዛሬ ልጆች እንደ ድሮዎቹ አይደሉም፣ ምቾት አበላሻቸው አለ። ከረባታሙ ግን ከሁሉም ባሰ።

"ለአራተኛ አውሮፕላን ምን ያስፈልጋል? አራተኛማ እዚሁ ቁጭ ተብሎም ይወጣል። ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?"

ጋሽ እንቁላል ፍሬቻ አሳየና ፌርማታ ባልሆነ ቦታ ጥግ ይዞ ቆመ፤ በሹፌርነት ዘመኑ አድርጎት አያውቅም። የእጅ ፍሬኑን ስቦ ተነሳ፣ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። ወርቅ የለ፣ ብር የለ፣ ነሐስ እንኳ የለ።

"የኔ ናት" አለ።

ሰዉ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ትኬት ቆራጯ "አዎ" ብላ ራሷን ስትነቀንቅ ነው የገባው። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከረባታሙ ከረባቱን ያላላል፣ መልሶ ያጠብቃል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ" አለ በመጨረሻ። "አፌ ነው እንጂ ልቤስ ከሷ ጋር ሲሮጥ ነው የቆየው።"

እውነቱን ነበር፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ጋሽ እንቁላል ተመልሶ ተቀመጠና መንዳቱን ቀጠለ። መንገዱ ረጅም ነው፣ የእሱ አነዳድ ተጨምሮበት ደግሞ ይብስ ረዘመ። የመጨረሻው ፌርማታ ደርሶ በሩን ሲከፍት የሚወርድ ሰው ጠፋ። ምነው፣ ደርሰናል እኮ አላቸው።

"ደውልላት እንጂ" አለች ሴትዮዋ፣ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ እንዳደረገች።

"ለኔ የምትደውለው ስታሸንፍ ነው።"

"ታዲያ አንተ ደውልላ!"

ይህን የሚያህል ቀላል ነገር እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታየው እንደቀረ ገረመው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፤ ሊዘጋው ሲል ተነሳ።

"አባዬ?" አለች፣ በታፈነ ድምፅ። "አልሰማህም እንዴ? አራተኛ ነው የወጣሁት።"

ያ የድሮው ጥያቄ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ልማድ ክፉ ነው። ዋጠው።

"ሰምቻለሁ። እግርሽስ?"

ለቅሶዋ ገነፈለ። ተረከዟ እንደተላጠ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች እየተንሰቀሰቀች ነገረችው። እግርሽን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፊ አላት፤ ብዪ፣ ተኚ አላት። እሷ ግን አንድ ነገር ቀርቷታል። ፈራ ተባ ብላ ሰዉ ምን እንዳለ ጠየቀችው።

ጋሽ እንቁላል ቀና ብሎ በመስታወቱ አየ። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ከረባታሙ ጫማውን ያያል።

"ሰዉማ መቼ ነው የምትመጣው እያለ ነው።"

"መቼ ነው የምትመጣው?" አለ ከረባታሙ ፈጠን ብሎ።

ሐሙስ ነው አለች። ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ እንቁላል ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ተቀብሏት አያውቅም፤ አሸንፋ ስትመጣ የሚቀበላት ሞልቷል ይል ነበር። ወደ ትኬት ቆራጯ ዞረ።

"አለቆቹን ለሐሙስ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ በያቸው። ልጄን ልቀበል እሄዳለሁ።"

ሴትዮዋ ዘንቢሏን አንስታ እየወረደች ዞር አለች።

"በአንተ አነዳድ ከሆነ ለሐሙስ ዛሬውኑ ተነስ" አለችው።