ስብሰባው ሀና ማርያም ይቀጥል

ሙሉመቤት ያን ሰሞን ሥራ እምቢ ብሏት ነበር። በመካኒሳው የልብስ ስፌት ማኅበር አሥራ አንድ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ እጅጌ ገልብጣ ገጥማ አታውቅም። በግንቦት 1980 በዚያች አንድ ሳምንት ግን ሁለቴ ገጠመች፤ ሁለቴም ተረተረች።

ያስጨነቃት አንድ ወረቀት ነው። ቀበሌዋ መርጧት፣ ከቀበሌዎቹ በላይ ያለው የከፍተኛው አስተዳደር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆና ነበር። የኮሚቴው ሥራ ከፍተኛው የሕዝቡን ገንዘብ ምን ላይ እንዳዋለ አይቶ ለጉባኤው መናገር ነው። ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ የትንንሽ ነጋዴዎች ግብር የሚከፈልበት ቢሮ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ሥር ካለው ቤት ወጥቶ ሀና ማርያም ወደ ተሠራለት አዲስ ሕንፃ ይዛወራል፤ ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል፤ ከመካኒሳ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የቀረው የኮሚቴው ፊርማ ብቻ ነበር።

ከኮሚቴው ሦስት አባላት አንዱ ለዘመቻ ሄዷል። ሌላው ጋሽ አብደላ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው መካኒሳ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ የሰባት ልጆች አባት። ወረቀቱን ይዛ ሱቃቸው ሄደች።

«ጋሽ አብደላ፣ ይህን ሕንፃ አይተውታል?»

«የት አይቼው? አልቋል ካሉ አልቋል ማለት ነው።»

«ካላለቀስ?»

«ካላለቀ ያልቃላ!»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። የግብሩ ወር ሐምሌ ነው። በሐምሌ ደግሞ በመካከል ያለው ወንዝ ሞልቶ ሰው አያሳልፍም። የዘገየ ቅጣት አለበት። ሻማና ጨው እየቸረቸረች የምትኖረው ጎረቤቷ ዙሌካ ትናንት በሯ ድረስ መጥታ፣ «እትዬ፣ ልጅ አዝዬ ያንን ወንዝ በምን ልሻገረው?» ብላታለች።

«ቅዳሜ ሄደን እንየው፤» አለቻቸው ጋሽ አብደላን። «ሳላይ አልፈርምም።»

ቅዳሜ ሄዱ። አሥር ደቂቃ የተባለው መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደባቸው። ወንዙን በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ተሻገሩ፤ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ የታረሰ ማሳ። ሕንፃው ማሳው ዳር ቆሟል። ግድግዳ አለው፤ በር አለው፤ ጣሪያ የለውም። ክፍሎቹ ውስጥ ሣር እስከ ጉልበት በቅሏል።

ዘበኛው ዱጉማ የሚባል የዚያው አገር ገበሬ ነበር።

«ቆርቆሮው አልመጣም?» ስትል ጠየቀችው።

«መጥቶ ነበር እንጂ። ሁለት ቀን ተቀመጠ። ከዚያ ካሚዮን መጣና ጭኖት ሄደ።»

«ወዴት?»

«እኔ የሚገባውን ነው የምጠይቅ እመቤቴ። የሚወጣውን ጠይቅ ያለኝ የለም።»

ሲመለሱ ጋሽ አብደላ ከኋላ ከኋላ ተጎተቱ። ወንዙ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ያየነውን እዚሁ ጥለነው እንሂድ፤» አሏት። ቀድማቸው ድንጋዩ ላይ ዘለለች። ቤቷ ገብታም መቀመጥ አቃታት፤ ያጠበችውን ዕቃ መልሳ አጠበችው።

ጉባኤው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፓርቲው ጓድ ሙሉሰው የሚባሉ እንግዳ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። መፈክሩ ተባለ፤ ግራ እጅ ተነሣ። የከፍተኛው ሊቀ መንበር ጓድ ቦጋለ ሕንፃው አልቋል የሚለውን ሪፖርት አንብበው ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ በጭብጨባ እንቀበለው፤» አሉ።

ተጨበጨበ። ሙሉመቤት ጭብጨባው ሳያበቃ ቆማ ራሷን አገኘችው።

«እኔ አልፈረምኩም፤» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ሕንፃው ጣሪያ የለውም።»

ጭብጨባው ተቋረጠ።

«ይህን ወሬ ማን ነገረሽ ጓዲት?» አሉ ቦጋለ።

«ማንም አልነገረኝም። በዓይኔ አይቼ ነው።»

«ብቻሽን?»

ወደ ጋሽ አብደላ ዞረች። ቆባቸውን አውልቀው ጠርዙን ይመረምራሉ።

«እኔ… ጉልበቴን ያመኛል፤» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያን ያህል መንገድ አልሄድም።»

ሙሉመቤት ፊቷ ጋለ። ቦጋለ ፈገግ ብለው፣ አሉባልታ የማን መሣሪያ እንደሆነ ጉባኤው ያውቃል እያሉ ማብራራት ጀመሩ። እሷ ግን እንደቆመች ቀረች። ይሄኔ ከኋላ ዙሌካ ልጇን እንዳዘለች ተነሣች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይቅርታ፤ ወረቀቱ አሥር ደቂቃ ነው ይላል አይደል?»

«ይላል።»

«እንግዲያው ስብሰባው ሀና ማርያም ይቀጥል። አይተን እንመለሳለን።»

መጀመሪያ አንድ ሰው አፉን ይዞ ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ቦጋለ አጀንዳው አይፈቅድም ቢሉም የሰማቸው የለም። ጓድ ሙሉሰው ሰዓታቸውን አዩ።

«አሥር ደቂቃ ከሆነ ምን ቸገረን? እንሂድ፤» አሉ።

ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ወጣ፤ ቦጋለም ተከተሉ። ሠላሳ ደቂቃ እንደተጓዙ ዝናቡ ጀመረ። የሙሉሰው መኪና ወንዙ ሳትደርስ ጭቃ ውስጥ ተቀበረች፤ ወርደው በእግራቸው ቀጠሉ። ወንዙ ትናንት ከነበረው ከፍ ብሏል። ዙሌካን ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው አሻገሯት። ሙሉመቤት ከፊት ከፊት ትፈጥን ነበር። ዛሬ ሌሊቱን ጣሪያ መትተውበት ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ያጣድፋታል።

አልተመታበትም። ጓድ ሙሉሰው ወደ ትልቁ ክፍል ገብተው ቀና አሉ። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ወረደ። ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፍተው ለመጻፍ ሲሞክሩ ቀለሙ ፈሰሰ፤ ዘጉት።

«ቆርቆሮው የት ነው?» አሉ።

ዱጉማ ለሙሉመቤት የነገራትን ደገመላቸው። ሁሉም ወደ ቦጋለ ዞረ። ቦጋለ ስለ አደራና ስለ ጊዜያዊ ብድር አንድ ሁለት ቃል ጀምረው ተዉት።

«ዝውውሩ ታግዷል፤» አሉ ጓድ ሙሉሰው፤ ሌላ አልጨመሩም። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም በርዶታል።

ሰኞ ጠዋት ሙሉመቤት ለምርመራ ተጠራች። ሦስት ቀን ሙሉ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ጥያቄ ተመላለሰባት፤ ሕዝቡን ለሰልፍ ማን አደራጀው? አብሮሽ የሄደ የለም፤ ታዲያ ብቻሽን እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ? እውነቱን ስትናገር ጋሽ አብደላ እንደካዱ ያስታውሷታል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን በድንገት፣ ከኮሚቴው ተነሥተሻል፣ ሂጂ አሏት።

ቦጋለ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ቆርቆሮው የት እንደገባ ለጉባኤው የነገረው የለም። የግብሩ ቢሮ ግን አቦ ሥር እንዳለ ቀረ፤ ዙሌካም በሐምሌ ልጇን አዝላ ሄዳ ከፍላ ተመለሰች። ሙሉመቤት ይህ ሁሉ ሆኖም አላረፈችም፤ በበሩ መኪና በቆመ ቁጥር የስፌት መኪናዋን አቁማ ታዳምጣለች።

ነሐሴ ላይ ጋሽ አብደላ በዝናብ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘው ቤቷ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ፈርቼ ነው፤» አሉ።

«እኔም ፈርቼ ነበር ጋሽ አብደላ።» ቁጣዋ ገና አልበረደም፤ ድምፅዋ ያስታውቃል።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁ።» ስኳሩን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «አንቺ የተጠራሽ ዕለት ልጆቹ ጠየቁኝ፤ ባባ፣ ያን ቅዳሜ የት ውለህ ነው ጫማህ የጨቀየው አሉኝ። ዋሸኋቸው። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ረቡዕ ጠዋት ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። አብሬያት ነበርኩ፣ እኔም አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ።»

ሙሉመቤት ረቡዕ ከሰዓት የተከፈተላት በር ትዝ አላት።

«ምን አሉዎት ታዲያ?»

«እንጠራሃለን አሉኝ። እስካሁን አልጠሩኝም።» መንገዱን ዞር ብለው አዩ። «በየቀኑ እጠብቃለሁ።»

ወንበር አወጣችና በረንዳው ላይ አስቀመጠችላቸው። ጋሽ አብደላ ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሁለቱም መንገዱን ሲጠብቁ ቆዩ።