ሣር የሚበላው የጨረቃ አውሬ

ባጫ ወጌሻ ነበር። ከአዳማ እስከ ደራ ከበቅሎ የወደቀም ሆነ በሬ የረገጠው ሰው ተሸክመው የሚያመጡት እሱ ዘንድ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ሲዳብስ የትኛው አጥንት ከየት እንደ ሸሸ ያገኘዋል። ያ ጣቱ ነው እንግዲህ መዘዝ ያመጣበት።

ነገሩ የተጀመረው ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመን የሲኒማ ማሳያ መኪናውን በባቡር ጭኖ አዳማ በወረደ ጊዜ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን የቆዳ ነጋዴውን የሽኩርን መጋዘን ተከራየና ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠረ። ቄሶቹ «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ፤ ሰው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ መጋዘኑን ሞላው። ባጫም ሚስቱን ዘርፉን አስከትሎ ገባ።

ስዕሉ ወደ ጨረቃ ስለ ወጡ ፈረንጆች ነበር። እዚያ ሲደርሱ አንድ አውሬ ገጠማቸው። ጭንቅላቱ እንስራ ያህላል፤ አንገቱና እግሩ ስንደዶ ነው፤ አፍ የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም። ፈረንጆቹ ሲሸሹ የአዳማ ሰው በሳቅ ፈነዳ።

«ምስኪን! በምን ሊጎርስ ነው የሚያባርራቸው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ባጫ አልሳቀም። ያ ጭንቅላት በዚያ አንገት ላይ እንዴት ቆመ? ጉልበቱስ ወዴት ነው የሚታጠፈው? ቤቱ ገብቶም አልተወውም። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ የገዛ አንገቱን ይዳብሳል። በማግስቱ የአንድ ገበሬ ክርን ሲያሽ ሐሳቡ ጨረቃ ላይ ስለ ነበር ሰውየው በጩኸት መለሰው።

«ምን ነክቶሃል?» አለችው ዘርፉ።

«ያ ፍጥረት አንድ ቀን አያድርም፣ ዘርፉ። ቢነሣ ይሰበራል፤ ቢተኛ ይታነቃል።»

«ታዲያ ይሙት! ዘመድህ ነው?»

አላስችል ሲለው ሙሴ ሃጎፕ ዘንድ ሄደ። ሙሴ ከት ብሎ ሳቀ። «ጨርቅ የለበሰ ሰው ነው እኮ፣ አቶ ባጫ!»

«ይሁን፤ ግን ምን ይበላል?»

«ሰው ይበላል እንጂ! አለዚያ ማን ሊያየው ይመጣል?»

«ጨረቃ ላይ ሰው ከሌለ እነዚህ እስኪመጡለት ድረስ ምን በልቶ ኖረ?»

ሙሴ ሳቁን አቆመ። ገበያተኛው አንድ ጊዜ ስቆ ስለ ወጣ ሁለተኛ የሚመለስ አልነበረም፤ ደጃፍ ላይ የሚቆም አንድ አስደናቂ ነገር ያስፈልገዋል። «እስቲ እዚያ መኖር የሚችለውን አንተ ሥራልኝ» አለው። «እዚያ ላይ ግን አየሩ ስስ ነው፣ ውሃም የለም ይባላል።»

«አየሩ ስስ ከሆነ ደረቱ ሰፊ መሆን አለበት» አለ ባጫ ወዲያው፤ እጁ አየሩ ላይ መሥራት ጀምሮ ነበር። «አፍንጫው እንደ ግመል የሚዘጋ። ጥርሱም የሣር ጥርስ። ሥጋ በላ አላደርገውም።»

ሽኩር ከመጋዘኑ ጓሮ አጥንት አወጣለት። ባጫ የበሬ ጎድን፣ የግመል አንገት፣ የፈረስ ራስ ቅል፣ ከቆላ የመጣ የሰጎን እግር እያማረጠ እያንዳንዱን አንጓ በጅማት አሰረው። በላዩ ርጥብ የጥጃ ቆዳ አለበሰው፤ ቆዳው ሲደርቅ አጥንቱ ላይ ጥብቅ አለ። ሲጨርስ አውሬው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ አንድ እግሩን ወደፊት ጣል አድርጎ፣ ሊራመድ ያለ መሰለ።

ሽኩር ጎን ጎኑን ዞሮ አየው። «ወላሂ፣ ባጫ፣ ይሄን ሰው ፊት አታቁመው» አለ። ሙሴ ግን በደስታ እጁን አፋተገና በገበያ ቀን ደጃፉ ላይ አቆመው።

ረፋድ ላይ የአዳማ ነፋስ ተነሣ። አቧራውን እያሽከረከረ መጣና በአውሬው አፍንጫ ገባ፤ ያ ሰፊ ደረት ተነፋ፣ ቆዳው ተንጣጣ፣ ከጉሮሮው «እህህህ» የሚል ረጅም ድምፅ ወጣ። ገበያው ቀጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች፤ አህዮች ጭነታቸውን ጥለው ፈረጠጡ። ድንጋይ ይዘንብ ጀመር፤ አንዱ የሙሴን ግንባር ፈለጠው። ጦር የያዘ ጎረምሳም ወደ አውሬው ተንደረደረ።

ባጫ ሳያስበው መሀል ገባ። «አትውጉት! ሣር በላ ነው! ማንንም አይነካም!»

ይህን ሲሰማ ሕዝቡ ጭራሽ ተሸበረ። «አስለምዶታል!» አለ አንድ ሰው።

ዘርፉ ክንዱን ያዘችው። «ባጫ፣ ምን ማለትህ ነው? አጥንት ነው በላቸው እንጂ!»

ያን ጊዜ ደነገጠ። ቢላውን አወጣና የአውሬውን ደረት ከላይ እስከ ታች ተረተረው። «እዩ! የበሬ ጎድን ነው፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት!» ሰው ቀስ እያለ ቀረበ። ጎድኑን አዩት፤ ከአከርካሪው ጋር ልክ ገጥሟል። አንገቱን አዩት፤ አንጓው በአንጓው ላይ ተቀምጧል።

ገርባ የሚባሉት ሽማግሌ በዘንጋቸው ጉልበቱን ነካ ቢያደርጉት ታጥፎ ተመለሰ።

«ልጄ ባጫ፣ አንተ ውሸታም አይደለህም» አሉ። «ይሄ ግን እንዲህ የሚገጥመው ነፍስ ሲኖርበት ነው። በሰው መሀል አይዋል። ቅበረው።»

«ኦቦ ገርባ፣ እኔው እኮ በእጄ...»

«ቅበረው አልኩህ።»

ባጫ ከሐዲዱ ማዶ ጉድጓድ ማሰ። ሕዝቡ ከሩቅ ቆሞ ያያል። አውሬውን ሲያወርደው አንገቱ ክንዱ ላይ ተኛ፤ ባጫም አፈር ሊመልስበት አካፋውን አነሣ። አስቀመጠው፤ ደግሞ አነሣው። ስንቱን ሰው ጠግኖ አስነሥቷል፤ ገና ያልተራመደ ነገር ግን ቀብሮ አያውቅም።

ዘርፉ ጉድጓዱ ዳር ተንበረከከች። መንጋጋው ተከፍቶ ነበርና በመዳፏ ገፋ አድርጋ ገጠመችው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን አፈር እሷው በተነች። ባጫ ተከተላት።

ሙሴ ሃጎፕ ግንባሩን በሻሽ ጠቅልሎ በማግስቱ ባቡር ተሳፈረ። በመስኮት ብቅ ብሎ «ድሬዳዋ ና፤ ክንፍ ያለው አውሬ እንሥራ!» አለ።

ባጫ አልሄደም። ከሐዲዱ ማዶ ግን ሰው ከብት ማሰማራት ተወ፤ ሣሩም ማንም ሳይነካው በሰው ቁመት ልክ አደገ። ባጫ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና ከዳር ያለውን እያየ የተጋጠ እንደሆነ ይመረምራል፤ ከዚያ በራሱ አፍሮ እርምጃውን ያፈጥናል።