ፓምፕ ቁጥር ዐሥራ አራት

ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት ሥራዎች አንዱ አልሻገር አለ። ረውዳ ስክሪኑ ላይ የቆመችውን ቀይ መስመር አየቻት። «ትክል ድንጋይ፣ የእጅ ፓምፕ ቁጥር 14፣ ጥገና። ኀላፊ፦ ሰውነት ሀዳነ። ሁኔታ፦ ክፍት።» አዲሱ ሰርቨር ሰውነት የሚባል ሠራተኛ አያውቅም።

የጎንደር የውሃ ፕሮጀክት ቢሮ እያንዳንዱን ጥገና በአሮጌው ሰርቨር ላይ እየመዘገበ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ዛሬ ክፍት የሆኑት ሥራዎች ወደ አዲሱ ይሻገራሉ። የተዘጉት አይሻገሩም፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአሮጌው ጋር ይጠፋሉ።

አለቃዋ አቶ ሐብተ ማርያም ኮቱን እንደደረበ በሩ ላይ ቆመ።

«አባትሽ ሱቁን ሙሉ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲያዛውር ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አንቺ አንዲት ፓምፕ ይዘሽ ታስመሺናለሽ?»

«የሰውነት ሥራ ናት።»

«እሱማ ከሄደ ስንት ወሩ! ፓምፑ ከሠራ ዝጊያት።»

ከሥራው ሥር አርባ አንድ ማስታወሻ አለ። ሰውነት ከትክል ድንጋይ ገጠር በስልኩ፣ እሷ ከዚህ ወንበር ላይ የጻፉት ነው። «ትክል ድንጋይ ዛሬ ጭጋግ ነው። አንቺ ጋስ?» ብሎ ነበር አንድ ቀን። «እዚህ ስለ ሥራ ብቻ ነው የሚጻፈው» አለችው። «ጭጋጉም ሥራ አስፈትቶኛል» ሲል መለሰ። ሁለቱም ከዚያ ያለፈ ነገር ጽፈው አያውቁም። ቤተሰቡ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎንደር ላይ ሲጠብቅ የኖረው የእስራኤል መግቢያ ፈቃድ በኅዳር መጣ። የመጨረሻው ማስታወሻ የዚያ ሳምንት ነው፦ «ነገ በረራ ነው። ይህችን ሥራ አትዝጊብኝ።» መልስ ጀምራ አጠፋች፤ እንደገና ጀምራ አጠፋች።

ማስታወሻዎቹን ገልብጣ ማስቀረት ትችል ነበር። እሱ የለመናት ግን ጽሑፉን እንድታስቀር አልነበረም። ፓምፑ ከሠራ ክፍት ነው ብላ ውሸት መመዝገብ ደግሞ አትችልበትም። በቢሮው ደንብ የፓምፑ ጠባቂ ሳይጠየቅ ሥራ አይዘጋምና ስልኩን አነሣች።

«አያ ዋኘው፣ ረውዳ ነኝ፤ ከጎንደር፣ ከውሃው ቢሮ።»

«እንደምን ከረምሽ ልጄ! ምነው፣ ደኅና?»

«ደኅና ነው። ፓምፑ ይሠራል?»

«ሸጋ አድርጎ!»

ጣቷ «ዝጋ» ወደሚለው ሄደ።

«ጩኸቷ ነው እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «አንዷ መቅዳት ስትጀምር ሰፈሩ ሁሉ ይደነብራል። ያ ቀጭኑ ልጅ ግራሶ ይዤ መጥቼ እጀታውን እቀባዋለሁ ብሎ ነበር። ምነው ቀረ?»

«ሄደ፣ አያ ዋኘው። እስራኤል አገር።»



«እግዜር ይከተለው። ግራሶውስ?»

ረውዳ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ ዐይኗን በመሐረቧ ጫፍ ጠረገች። ኀላፊ በሚለው ቦታ ስሙን አጥፍታ የራሷን ጻፈች፦ ረውዳ ዐብዱልከሪም። ከአርባ አንዱ ሥር አርባ ሁለተኛውን ጨመረች። «እጀታው ግራሶ አልተቀባም። ማክሰኞ እኔ እሄዳለሁ።» ቀይዋ መስመር አረንጓዴ ሆነች።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ሐብተ ማርያም የአሮጌውን ሰርቨር ገመድ ነቀለ። ለስድስት ዓመት ሲያጉረመርም የኖረው ማሽን ሲያቆም ከቁስቋም በኩል የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ሲነካ ተሰማ።

«ነይ እንውጣ።»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

የፓምፗን ሥራ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ከፈተቻት። አርባ ሁለቱም ማስታወሻዎች ደርሰዋል። የእሷ ስም በየቦታው አለ። የእሱ ግን አልተሻገረም፤ በያለበት «የቀድሞ ተጠቃሚ» የሚል ተተክቷል።

«የቀድሞ ተጠቃሚ፦ ይህችን ሥራ አትዝጊብኝ።»

ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። ከመጀመሪያው ማስታወሻ ጀምራ፣ ስሙ በጠፋበት ሁሉ በሹክሹክታ እየሞላችው ማንበብ ጀመረች።