የኋላው ክፍል

ፈንታሁን አራተኛውን ግቢ ሲረግጥ ዝናቡ ጫማው ውስጥ ገብቶ አብሮት ቤት ይፈልግ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄንንም ካልወደዱት ድለላዬን ትቼ ያዮ ጫካ ማር ልቆርጥ እሄዳለሁ» አለ ደላላው ኑረዲን፣ ከጃንጥላው ሥር።

«ንብ እንደኔ አይታገስህም፤ ይልቅ ቅደም።»

ፈንታሁን ቤት የሚያየው ሲዘንብ ብቻ ነው። በፀሐይማ መቱ ከተማ ውስጥ የሚያፈስ ጣራ የለም! ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሞ እየሠራ ሃያ ዓመት ተከራይቷል፤ ሰባት ጊዜ ጓዙን ጠቅልሏል። አሁን በብድር ቤት ገዝቶ ዋናው ቤት ሊገባ፣ በኋላዎቹ ክፍሎች ኪራይ ደግሞ ብድሩን ሊከፍል ነው። ባለቤቱ እድላዊትም ጠዋት ስትሸኘው «የማኅበር ተራዬን በገዛ ሳሎኔ ሳልደግስ አልሞትም» ብላዋለች።

ዋናው ቤት ጠብታ አላስገባም። ደከም ያለ ደስታ ተሰማው።

«የኋላዎቹስ?»

«ሁለቱ ባዶ ናቸው። አንዱ ውስጥ አንዲት አሮጊት አሉ፤ በድሮ ዋጋ። ያስወጧቸውና ሁሉንም አድሰው በእጥፍ ያከራዩ። አለዚያ ብድሩን አይችሉትም።»

አሮጊቷ፣ እትዬ ዲሪቤ፣ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ውጡ ያላቸው የለም፤ ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ አልጋቸውን ፈታትተው፣ ብሎኖቹን በመሐረብ ቋጥረዋል።

«አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋላችሁ? መቼ ልውጣ፣ ልጄ? ጣራው ላይ ያሉት ሁለት ቆርቆሮዎች ግን የኔ ናቸው፤ ላስነቅላቸው?»

ፈንታሁን ዓይኑ መሐረቡ ላይ ቀረ። የእሱ አልጋ ብሎኖች ሰባት ጊዜ በእድላዊት ነጠላ ጫፍ ተቋጥረዋል። አምስተኛው ቤት ላይ በገዛ ቆርቆሮው የሠራውንም ኩሽና አንድ ምርቃት እንኳ ሳያገኝበት ለአከራዩ ትቶ ወጥቷል።

«አይነቀልም። አልጋዎን ይግጠሙ፣ እትዬ።»

የኑረዲን ጃንጥላ ዘመመ። «ጋሼ! ብድሩስ?»

«ዋናውን ቤት ለዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አከራይልኝ። የሱ ኪራይ ብድሩን ይከፍላል።»

«እርስዎ የት ሊገቡ?»

ፈንታሁን ቀጥሎ ወዳለው ባዶ ክፍል በአገጩ ጠቆመ። ጣራው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እትዬ እድላዊት ሲሰሙ እኔ እዚህ አልነበርኩም!»

«አንተማ ያዮ ነህ፤ ማር ትቆርጣለህ።»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ማን እንደሆነች ሳያይም ያውቃል። ሳያነሳው ወደ እትዬ ዲሪቤ ዞረ።

«እዚህኛው ክፍል ባልዲው የት ጋ ነው የሚቀመጠው?»