የተደፈጠጡ ነጥቦች

መምህርቷ እንደ ወትሮዋ ከደወሉ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ክፍሉን ከፈተች፣ መስኮቶቹን ገፋ ገፋ አደረገች፣ ጥቁር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት ዓይነ ስውሯ ተማሪዋ ግድግዳውን እየዳሰሰች ትመጣና «እትዬ፣ ዛሬስ ምን ሰፉልኝ?» ትላት ነበር። መምህርቷ ካርቶን ላይ በሲባጎ ፊደል ትሰፋለች፤ ልጅቷ በጣቷ ትከተለዋለች። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የዘለቁት እንዲህ አድርገው ነው።

ዛሬ የልጅቷ ድምፅ የተሰማው ከአዲሱ ክፍል ነው። ትስቃለች።

የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመጣ ዓመት አልሞላውም። መጀመሪያ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቦኖ ተከለ፤ ከወንዝ ድፍርስ ሲቀዱ የኖሩ ልጆች ኩልል ያለ ውሃ ጠጡ። መምህርቷ ከልቧ መረቀች። ቀጥሎ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ተሠራ። እሱንም ወደደችው። በመጨረሻ ግን ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡትን ብሬል የምታስተምር አንዲት ወጣት ላከ።

ወጣቷ በአዲሱ ክፍል ወፍራም ወረቀት በመውጊያ እየወጋች ጉብ ጉብ ያሉ ነጥቦች ታወጣለች። ልጅቷ በሦስት ወር ውስጥ ሙሉ ገጽ ማንበብ፣ በአራተኛው መጻፍ ጀመረች።

«አዩልኝ አይደል፣ እትዬ፣ የኔን ልጅ?» አለቻት ወጣቷ በየዋህነት።

«የኔን ልጅ!» የሚለው ቃል መምህርቷን ከነከናት፤ ፈገግ ግን አለች። እሷ ያቦካችውን ሌላ ጋገረው።

ዓርብ ከድርጅቱ እንግዶች ሊመጡ ሆነ። ልጅቷ ራሷ የጻፈችውን ተረት በፊታቸው ልታነብ አራት ገጽ አዘጋጀች። የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ያለው በመምህርቷ ክፍል ብቻ ስለነበር ልጅቷ ሐሙስ ዕለት ወረቀቶቹን ይዛ መጣች። «ከእርስዎ በላይ ማን ይጠብቅልኛል?» አለች።

ወረቀቶቹ ጫፋቸው ተጠቅልሏል። የተጠቀለለ ወረቀት ማቃናት የመምህርቷ ሙያ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሰርተፍኬት ሁሉ በትልልቆቹ የተማሪ መዝገቦች ሥር አድሮ ነው የሚሰጠው። ወረቀቶቹን ደርድራ አንድ መዝገብ ልትጭን ስትል መዳፏ ነጥቦቹን ዳሰሰ። እጇ ቆም አለ። ከዚያ አንዱን ጫነች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ደገመች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በማግስቱ እንግዶቹና ወላጆች አግዳሚ ወንበር ሞልተው ተቀመጡ። ልጅቷ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ ነዳች። መለሰችው። እንደገና ነዳችው።

«የሉም» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እርጥበት ነው! አንተ ዘበኛ፣ መስኮት ከፍተህ አሳድረህ ነው አይደል?»

«ጋሼ፣ እኔ የተቀጠርኩት በር ልጠብቅ ነው፤ ነጥብ ጠብቅ ያለኝ ሰው የለም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም። ፊቷን መምህርቷ ወደምትቀመጥበት አዞረች።

«እትዬ፣ ምን ጫኑበት?»

መምህርቷ ዘበኛውን አየችው። ዝም ብትል ጥፋቱ እሱ ላይ ያርፋል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

«መዝገብ» አለች። «እንዲቃና ብዬ።»

«ሲደረድሩት ነጥቦቹ እጅዎን አልነኩትም?»

«ነክተውኛል።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ወረቀቶቹን ጎን ላይ አስቀምጣ ተረቱን በቃሏ ተረከችው። እንግዶቹ አጨበጨቡላት፤ ያነበበችው ነገር ግን የለም።

ሰኞ ጠዋት መምህርቷ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻት።

«ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ፣ ከልቧ። ወጣቷም ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። እሷና ልጅቷ አራቱንም ገጽ አዲስ ወረቀት ላይ እንደገና ወጉት።

ልጅቷ አሁን የጻፈችውን ሁሉ እንደ ሰፌድ በተሰፋ ጠንካራ ሳጥን አድርጋ፣ እቅፏ ውስጥ ይዛ ቤቷ ትወስዳለች። የሚቆለፈው ቁም ሳጥን እስከ ዛሬ ከመምህርቷ ክፍል በቀር የትም የለም። የልጅቷ ወረቀት ግን እዚያ የለም።