ለዶክተሩ የተፈተለ ጋቢ

ዶክተር ሰይፈሥላሴ መጥፎ አማካሪ ነው የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ወረቀት ላይ ተደፍቼ እንዳላነብ፣ ድምፄን ከፍ እንዳደርግ፣ ሰዓት ሳያልቅብኝ እንድጨርስ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያኔ እሳቸው ነበር የምለው። አሁን አንቱታው ከአፌ አልወጣም ብሏል።

አንኮበር የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ የቄስ ልጅ። ጉባኤ ላይ ጥናት ማቅረብ በኔ ደሞዝ የሚታሰብ አልነበረም። ለጀማሪ የታሪክ ተመራማሪዎች መጓጓዣና አልጋ የሚችል፣ ለእያንዳንዱም አንድ አንጋፋ ምሁር የሚመድብ ማኅበር ማመልከቻዬን ሲቀበል እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። በመዝጊያው ላይ ጀማሪው ለአማካሪው ጋቢ እንደሚያለብስ ስነግራት ደግሞ እንዝርቷን አነሣች። ከገበያ የተገዛ አይሆንም አለች።

ጥናቴ ስለ አልዩ አምባ ኬላ ነበር፤ ከቆላ የሚወጣው ነጋዴ ቀረጥ ይከፍልበት ስለነበረው በር። የኬላውን ወሬ ያገኘሁት ከአልዩ አምባው ሽማግሌ ከሐጂ ዘይኑልአቢዲን ነው። አያታቸው የኬላው ጠባቂ ነበሩ። ቀረጥ ጨምር ሲባሉ በነጋዴው ላይ አልጨምርም ብለው ከሹመታቸው እንደተነሡ አጫወቱኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍኩት፤ ዶክተሩም ከጽሑፌ ሁሉ የወደደው ይህንን ነበር።

በኋላ አንድ ቀን ቤታቸው ስሄድ ሐጂ ልጆቻቸውን ከክፍሉ አስወጡ። ለካ ጠባቂው አያታቸው የተነሡት ከነጋዴው አሞሌ ጨው ለራሳቸው ቀንሰው ሲያስቀሩ ተይዘው ነው።

"ልጆቼም አያውቁ። አንቺ ግን ስትለፊ አየሁሽና ውሸት ይዘሽ እንዳትሄጂ ብዬ ነው። ያንን ታሪክ አውጪው። ለምን እንዳወጣሽው ግን አማና ነው፣ ካንቺ አይለፍ" አሉኝ።

አወጣሁት። ዶክተሩ ወዲያው ደወለ። ምርጡን ነገር ለምን ጣልሽው አለ። ማስረጃው አላስተማመነኝም አልኩት። አላመነኝም። ምስጢሩ ከኔ እንዳያልፍ ብዬ ብዙ ተከላከልኩ።

"ማርያማዊት፣ ካማካሪ የሚደበቅ ነገር የለም" አለኝ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። "እንደ ንስሐ አባትሽ ቁጠሪኝ።"

የቄስ ልጅ በዚህ ትያዛለች። ነገርኩት። ምስጢሩ እዚሁ ይቀራል፣ አይዞሽ፣ ጉባኤው ላይም ማንም አይጠይቅሽም አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ትከሻዬ ቀለለኝ። ሞኝነቴ።

ጉባኤው ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። የአገራቸው ታሪክ ሲነገር ይስሙ ብዬ ሐጂን ጋበዝኳቸው። በሚኒባስ አብረን ስንመጣ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ጋቢውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና "የናትሽ እጅ ነው? ለማን ነው?" አሉኝ።

"ለዶክተሩ፣ አማካሪዬ ናቸው።"

"ይገባዋል። ያስተማረ ይከበራል" አሉ። ብርዱ ገና ከአንኮበር ጀምሮ ያንቀጠቅጣቸው ነበር፤ የለበሱት የቆላ ልብስ ነው።

የመጨረሻዋ አቅራቢ እኔ ነበርኩ። ከጀማሪዎቹ አንዱ በዳኞች ተመርጦ ናይሮቢ ለሚደረግ ጉባኤ ይሄዳል ስለተባለ ሁሉም ተወጥሯል። ጥሩ አቀረብኩ። ጭብጨባው ሳያበቃ መድረኩን የሚመራው ዶክተር ሰይፈሥላሴ ማይክራፎኑን ሳብ አደረገ።

"መምህርት ማርያማዊት፣ አንድ ነገር ይንገሩን" አለ። አንቺ ሲለኝ የከረመ ሰው ነው። "በመጀመሪያ ጽሑፍዎ ጠባቂው ለምን እንደተነሡ ተገልጾ ነበር። ዛሬ የለም። ለምን ወጣ?"

መጀመሪያ የረሳ መሰለኝ። ዓይን ዓይኑን አየሁት። አልረሳም።

"ማስረጃው አልበቃኝም" አልኩ።

"ማስረጃ አላጡም። ሰውየው በኋላ ሌላ ነገር ነግረውዎት የለም ወይ? የታሪክ ሰው ያወቀውን አይደብቅም።"

ሐጂ ከኋላ ወንበር አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩኛል። ብናገር ናይሮቢም ክብሩም የኔ ነበር፣ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ከዳኞቹ አንዷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አዳራሹ ፈጥራ ጽፋ ይሆን እንዴ እያለ ሲንሾካሾክ ወረቀቴን ሰብስቤ ወረድኩ።

ሻይ ላይ ዶክተሩ ብስኩት ይዞ መጣ። "ተቆጣሽ እንዴ? ካላጠበቅኩብሽ ለራሱ ተማሪ አዳላ ይሉኝ ነበር። ደግሞ ምስጢሩን አላወጣሁም።"

"ሰውየው እኮ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ!"

"መምጣታቸውን መች ነገርሽኝ?" አለና ብስኩቱን ገመጠ።

ለራሱ ስም ሲል ነው የሸጠኝ፤ ያውም የጠቀመኝ እየመሰለው። ዞር ስል የሐጂ ወንበር ባዶ ነው። ፌስታሌን አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

የአንኮበር ሚኒባስ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው አገኘኋቸው። ጋቢውን ከፌስታሉ አውጥቼ አለበስኳቸው። እስከ አገጫቸው ተሸፈኑ። ስልኬ ጠራ፤ ዶክተሩ ነው። ጋቢ የማልበሻው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። አላነሣሁትም።

"አልተናገርኩም ሐጂ" አልኳቸው። "አንዲት ቃል አልወጣኝም።"

"አይቻለሁ ልጄ። ባታፈሪ ይሻልሽ ነበር፣ እኔን ብለሽ አፈርሽ።" ወደኔ ዞሩ። "ግን ሰውየው የሚጠይቀውን ከማን ሰማ?"

አቀርቅሬ ባዶውን ፌስታል ማጠፍ ጀመርኩ።

ሚኒባሱ ሞላ። ሐጂ ጋቢውን ቀስ ብለው ከላያቸው አወረዱ፤ እየተንቀጠቀጡ ጥለቱን ከጥለቱ ጋር ገጥመው አጠፉትና ክንዴ ላይ አስቀመጡት።

"ለዶክተሩ ነው ብለሽኝ አልነበር?" አሉ። እኔ ደጅ እንደቆምኩ ረዳቱ በሩን ዘጋው።